«ሲስተሙ አላገኘሽም» ለምትሉ

አንዲት እናት ከጉና ሥር ካለች ቀበሌ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ደብረ ታቦር ድረስ በእግሯ ብትወርድ፣ መስኮታችሁ ሥር ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ስሟን ብትናገር፣ እናንተም ሁለት ቁልፍ ነክታችሁ «ሲስተሙ አላገኘሽም» ብትሏት ምን ትመልሳለች? ምንም አትመልስም። «ተመስገን» ብላ ትሄዳለች። ኮምፒውተር አይሳሳትም ሲባል ሰምታለችና ራሷን ትጠረጥራለች፤ «ስሜን አስተካክዬ አልተናገርኩ ይሆናል» ትላለች። እናንተ ግን የተፈጠረውን ታውቃላችሁ። የማታውቁ ከሆነም የደመወዝ ፔሮል ላይ የምትፈርሙት ልታውቁት ነበር።

ይህ ተግሣጽ የተጻፈው ለእናንተ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ስታትስቲክስ ተምራችሁ በየወረዳው፣ በየዞኑና በየፕሮጀክቱ ዳታ የምትይዙ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ከፋርጣና ከፎገራ ገበሬ መጠይቅ ሰብስባችሁ በፓይተን የምትተነትኑ፤ እነዚህን ልጆች እያማከራችሁ ከስላይዱ ቀለም በቀር የማትመረምሩ መምህራንም ጭምር።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ትንሽ ፈንክሽን ነው። ዌስ ማኪኒ በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፓንዳስ የተባለው ላይብረሪ የማነጻጸሪያ ፈንክሽኖች አሉት፤ ስድስት ናቸው። ኢኪው «እኩል ነውን?» ይላል፤ ኤንኢ «እኩል አይደለምን?» ይላል፤ ኤልቲና ኤልኢ ማነስን፣ ጂቲና ጂኢ መብለጥን ይጠይቃሉ። አንድ ሙሉ ዓምድ ትሰጧቸዋላችሁ፣ የሚነጻጸርበትን ዋጋ ትነግሯቸዋላችሁ፣ በየረድፉ ትሩ ወይም ፎልስ ብለው ይመልሳሉ። መቶ ሺህ ረድፍ ቢሆን ዐይን ሳይርገበገብ ያልቃል። «ምናልባት» የሚል መልስ የላቸውም። «ይችኛዋ ያችኛዋ ሳትሆን አትቀርም፤ እስቲ ደግመህ እያት» የሚል አንጀትም የላቸውም። ይህ አንጀት የሚጠበቀው ከእናንተ ነበር።

እስቲ የከተማችንን ስም ራሱን ውሰዱ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ስድስት መዝጋቢዎች ስድስት ጊዜ ጽፈውታል እንበል። አንዱ ደብረ ታቦር አለ፤ ሁለተኛው ደብረታቦር ብሎ ገጠመው፤ ሦስተኛው ደ/ታቦር ብሎ አሳጠረው፤ አራተኛው በጭረት ደብረ-ታቦር አለ፤ አምስተኛው እንደ አባቶቹ ሁለት ነጥብ ጥሎ ደብረ፡ታቦር አለ፤ ስድስተኛው በትክክል ጽፎ መጨረሻው ላይ ሳያስበው የክፍተት ቁልፍ ነካ። ኢኪውን «ደብረ ታቦር ነውን?» ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ትሩ፣ አምስት ፎልስ። አምስቱ ሰዎች ከከተማቸው ወጡ ማለት ነው። የመጨረሻው ደግሞ ስክሪን ላይ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ስለሚመስል ቀኑን ሙሉ ብታፈጡበት ልዩነቱ አይታያችሁም። ስማዳና ሲማዳ፣ እብናትና ኢብናት፣ መካነ ኢየሱስና መካነ እየሱስ፣ ሊቦ ከምከምና ሊቦከምከም ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። ከዚያ ሪፖርት ይጻፋል፤ «በስማዳ የተመዝጋቢ ቁጥር ዝቅተኛ ነው» ይባላል፤ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ይመከራል፤ አበል ይበላል። የስማዳ ሰው ግን ተመዝግቧል። ያልነቃው ሪፖርት ጸሐፊው ነው።

ፊደሉ ላይ ስትደርሱማ ነገሩ ይብሳል። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ያስገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሆሄም የራሱን ቁጥር ሰጠው። ሃሌታው ሀ 4608 ነው፤ ሐመሩ ሐ 4624፤ ብዙኃኑ ኀ 4736። ንጉሡ ሠ 4640፣ እሳቱ ሰ 4656። ጸሎቱ ጸ 4920፣ ፀሐዩ ፀ 4928። ለጆሯችሁ አንድ የሆኑት ለኢኪው ሩቅ ለሩቅ ናቸው። ዩኒኮድ ለሌሎች ቋንቋዎች የሚጠቀምባቸው ማመሳሰያዎችም እነዚህን አንድ አያደርጓቸውም፤ ሊያደርጓቸውም አይገባም፤ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና።

ዓለምፀሐይ የምትባል ሴት አለች እንበል። የመጀመሪያው ሆሄ በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ሊጻፍ ይችላል፤ አራት። ፀ ወይም ጸ፤ ሁለት። ሐ ደግሞ ከሀ፣ ከሃ፣ ከሓ፣ ከኀና ከኃ ጋር ስድስት። ስታባዙት 48 ይመጣል። ዓለምና ፀሐይን ለይቶ የሚጽፍ ሲጨመር 96። አንዲት ሴት በ96 መልክ ልትጻፍ ትችላለች፤ ኢኪው የሚያውቃት በአንዱ ብቻ ነው። በ95ቱ «አላገኘሁሽም» ይላታል። የአባቷንና የአያቷን ስም ስትጨምሩበት ደግሞ ምን ያህል እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት፤ ኮምፒውተሩ እጃችሁ ላይ ነው።

ይህን ለማወቅ የውጭ አገር ዲግሪ አያሻም። እናንተ እኮ የደቡብ ጎንደር ልጆች ናችሁ። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ፣ ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም በዚሁ በጋይንት ምድር ናቸው። ኮቾሮ ለምኖ የሚማር የቆሎ ተማሪ ዐይኑን ጨፍኖ ዐይኑን ዐ ከአልፋው አ ይለይላችኋል። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ አባት ስም መዝግቦ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ዩኒኮድን በሦስተኛ ዓመት ተምሮ ኤ ያገኘ ሰው ግን ምን ይባላል?

የፊደሉ ጥፋት ካለማሰብ ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎ ያለው ግን የባሰ ነው፤ ያልታወቀውን «አይደለም» ብሎ መቁጠር።

ዓምዱ ውስጥ ያልተሞላ ቦታ ሲኖር ፓንዳስ ናን ብሎ ይይዘዋል። ናን እንግዳ ፍጥረት ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው የተንሳፋፊ ነጥብ ስሌት መስፈርት መሠረት ናን ከማንም ጋር እኩል አይሆንም፤ ከራሱም ጋር። «ከ60 ያንሳልን?» ሲባል ፎልስ ነው። «60 ወይም ከዚያ በላይ ነውን?» ሲባልም ፎልስ ነው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ፎልስ። ይህ ለጠንቃቃ ሰው ይጠቅማል፤ ያልታወቀ ነገር ከታወቀ ነገር ጋር እንዳይደባለቅ ይረዳዋል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጋይንትና እብናት ከታቀፉት መካከል ነበሩ። መሥራት የሚችል በማኅበረሰብ ሥራ ይሰማራል፤ አረጋዊና አቅመ ደካማ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ዕድሜያቸውን የተጠየቁ አንድ አባት «በጃንሆይ ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ» ይላሉ፤ መዝጋቢው ቁጥር ስላላገኘ ቦታውን ባዶ ይተወዋል። እናንተ ትመጡና «60 ወይም በላይ ትሩ የሆነው ወደ ቀጥታ ድጋፍ፣ የቀረው ሁሉ ወደ ሥራ» የሚል አንድ መስመር ትጽፋላችሁ። የቀረው ሁሉ! ሽማግሌው በባዶ ቦታቸው ምክንያት አካፋ ያዙ ማለት ነው። ኮዱ ቀይ አላበራም፤ ሠንጠረዡ አምሮ ታተመ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ባዶ ማየት ስለምትጠሉ በማነጻጸሪያው ፈንክሽን ውስጥ መሙያ ዋጋ ብላችሁ ዜሮ ታስገባላችሁ። ምርቱ ያልተጠየቀ ገበሬ ምርቱ ዜሮ ኩንታል ሆነ፤ ዕድሜያቸው ያልታወቀ አባት ዛሬ የተወለዱ ሆኑ። ይህ በሰው ላይ የሐሰት ምስክርነት መስጠት ነው።

ቀኑንም ተመልከቱ። ፎገራ በ2003 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች። የመድን ካርዱ ማብቂያ በእኛ አቆጣጠር 2016 ተብሎ ተመዝግቦ፣ ኮምፒውተሩ የዕለቱን ዓመት 2024 ሲል፣ «አንሷልን?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሁሉም ካርድ ጊዜው አልፎበታል። ይህኛውስ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ስለሚወድቅ ትነቃላችሁ። የማይነቃበትን ልንገራችሁ። ጥቅምት በእኛ ሁለተኛ ወር ነው። ጥቅምት 30ን 2016-02-30 ብላችሁ ለፓንዳስ ብትሰጡት፣ የፈረንጅ የካቲት 30 ቀን ስለሌላት «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይጮኻል። ጳጉሜንንም 13ኛ ወር ብላችሁ ስታቀርቡለት ይጮኻል። ጩኸቱ ደግነቱ ነበር። እናንተ ግን «ስሕተት ሲገኝ ዝም ብለህ ባዶ አድርገው» የሚል ቃል ጨምራችሁ አፉን ትዘጋላችሁ። ከዚያ በኋላ በጥቅምት 30 እና በጳጉሜን የተወለደ፣ የተመዘገበ፣ የከፈለ ሁሉ ቀን አልባ ይሆናል፤ ከየትኛውም ቀን ጋር ሲነጻጸርም ፎልስ። የሌላው ወር ሰው ስለሚያልፍ ማንም አይጠረጥርም። የቀረው ቀንም ቢሆን የተነበበው እንደ ፈረንጅ ቀን ነው፤ ያም ሌላ ጉድ ነው።

ከሁሉ በላይ የምገሥጻችሁ በዚህ ነው። ማሽኑ አስጠንቅቋችሁ ነበር፤ አፉን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለት ዓምዶች በእኩልታ ምልክት ሲነጻጸሩ የረድፍ መለያቸው ካልተጣጣመ ፓንዳስ «መለያቸው አንድ ያልሆኑትን ማነጻጸር አልችልም» ብሎ ይቆማል። ትክክል ነው፤ የአንዱ ሰው ረድፍ ከሌላው ሰው ረድፍ ጋር እንዳይጋጭ ነው የቆመው። እናንተስ? ቫልዩስ የሚል ቃል ለጥፋችሁ መለያውን ገፍፋችሁ ቁጥሩን ብቻ ታነጻጽራላችሁ። በአንደኛው ዝርዝር መካከል አንድ ቤተሰብ ተጨምሮ ከታች ሌላ ከተቀነሰ፣ የረድፉ ብዛት እኩል ስለሚሆን ማሽኑ ዝም ይላል፤ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ግን በአንድ ረድፍ ይንሸራተታል፤ እያንዳንዱ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይነጻጸራል። ስሕተቱ ጠፋ፤ ትሩና ፎልሱም ወጣ፤ ሻይ ተጠጣ።

ጽሑፍን ከቁጥር ጋር «ይበልጣልን?» ስትሉትም ፓንዳስ አይሆንም ብሎ ይቆማል። መፍትሔያችሁ ቁጥሩንም ወደ ጽሑፍ መለወጥ ነው! በጽሑፍ ሥርዓት 9 ከ10 ይበልጣል፤ መጀመሪያ የሚታየው 9 ከ1 ጋር ነውና። 9 ኩንታል ያመረተው ከ10 ኩንታሉ በላይ ሆኖ ይሰለፋል። በፓንዳስ የቆዩ እትሞች ደግሞ ባዶ ቦታ በዚህ ለውጥ ጊዜ «ናን» የሚል ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ከራሱ ጋር እንኳ እኩል ያልነበረው ናን አሁን ከሌሎቹ ናኖች ሁሉ ጋር እኩል ነው። ስልክ የሌላቸው ሦስት መቶ እማወራዎች አንድ ዓይነት ስልክ ያላቸው ሆነው ይገኛሉ፤ «ተደጋጋሚ ምዝገባ» ተብለውም ይሰረዛሉ። ስልክ የሌላት በድህነቷ ነበር፤ በድህነቷ ተሰረዘች።

ቁናውን አጉድሎ ገበሬውን «እህልህ አነሰ» የሚል ነጋዴ በአገራችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቁናው ዲጂታል ሲሆን ስሙ የሚለወጥ ይመስላችኋል?

የስልኩ ነገር ከተነሣ አይቀር ኤክሴልም የድርሻውን ይውሰድ። 09 ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ኤክሴል ዜሮውን ይቆርጠዋል፤ ሌላኛው ዝርዝር ላይ በ251 ይጀምራል፤ ሦስቱ አይተዋወቁም። የፋይዳ ካርድ ፊት ለፊት ያለው ቁጥር 16 አኃዝ ነው። ኤክሴል ደግሞ በቁጥርነት የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻዋን ዜሮ ያደርጋታል። በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ ኢኪው አንድ ሰው ናችሁ ይላቸዋል። እስካሁን ያማረርኩት ስለ ፎልስ ነው እንጂ ያለ ምክንያት የመጣ ትሩም ከእርሱ አይሻልም። የሰው መለያ ጽሑፍ ነው፤ አይደመርም፣ አይቀነስም። ሲገባ ጀምሮ በጽሑፍነት ይያዝ።

ሰበባችሁን አውቀዋለሁ። «የመዘገበው ሌላ ነው» ትላላችሁ። የቀበሌው መዝጋቢ በብርድ እጁ ተቆራምዶ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሰው ከብቦት ነው የጻፈው። እናንተ ወንበር አላችሁ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ኮምፒውተር አላችሁ፣ የእርሱን ስሕተት ለማረም ነው የተቀጠራችሁት። «ጊዜ አጠረን» ትላላችሁ። ሪፖርቱን ለማስዋብ፣ የግራፉን ቀለም ለመምረጥ ያጠፋችሁት ጊዜ ከየት መጣ? «ኮዱን ቻትጂፒቲ ነው የሰጠኝ» የሚለውማ ሰበብ አይባልም፤ ክስ ነው። ፈራሚው እናንተ ናችሁ። መምህራኑም «ርዕሱ ጥሩ ነው» ብላችሁ የምታሳልፉትን ጥናት አንድ ጊዜ «ስንት ባዶ ቦታ ነበረ? ምን አደረግኸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ተማሪው ላብ ያጠምቀው ነበር። አትጠይቁም፤ መልሱን ከሰማችሁ እንደገና ሥራ ልትሉት ነውና።

ሥራው ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። የተመዘገበውን ስም አትንኩ፤ የሰው ስም ነው። ሠረቀብርሃን የተባለ ሰው ብርሃን የወጣለት ነው፤ ሠን ወደ ሰ ለውጣችሁ መታወቂያው ላይ ብታትሙት ሌባ ታደርጉታላችሁ። ከጎኑ ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ዓምድ ክፈቱ። በዚያ ውስጥ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በየቤታቸው መልሱ፤ ሃን ከሀ፣ ኣን ከአ ጋር አንድ አድርጉ፤ ገ/ ያለውን ገብረ፣ ወ/ ያለውን ወልደ ወይም ወለተ ብላችሁ ፍቱ፤ ክፍተቱን፣ ጭረቱን፣ ሁለት ነጥቡን አውጡ። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ለቀበሌና ለወረዳ ስም አንድ የተወሰነ ዝርዝር ያዙና ከዚያ ውጭ የሆነውን ሁሉ አውጥታችሁ እዩት። ባዶውን ባዶ በሉት፤ «አዎ»፣ «አይደለም» እና «አልታወቀም» የሚሉ ሦስት ክምሮች ይኑሯችሁ፤ ሦስተኛው ክምር ወደ ቀበሌ ተመልሶ ይጠየቅ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ዓምዱ ላይ ጻፉ፤ ከማነጻጸራችሁ በፊትም ሁለቱን ወደ አንድ አምጡ። ስም በስም ተገጣጠመ ብላችሁ ደግሞ አትኩራሩ፤ በአንድ ቀበሌ ሁለት ዓለምፀሐዮች አይጠፉም። አያት፣ ጎጥ፣ ፋይዳ ይታይ።

አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጉ። ባለፈው ወር የላካችሁትን ዝርዝር ክፈቱ። ፎልስ የተባሉትን ብቻ ለዩና በወረቀት አትሟቸው። ስማቸውን በድምፅ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ አያት ድረስ አንብቡ። ጆሯችሁ «ይችን እኮ አውቃታለሁ» ያለበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ምልክት የተደረገባቸውንም ለቀበሌው ደውላችሁ አስጠሯቸው። የመጓጓዣውን እናንተ ክፈሉ።